ጥላ ሰፋሪው አያ አንለይና የፊታውራሪ ሰዓት

ሰዓት የሚባል ዕቃ ወደ ቀጨሞ አምባ ከመድረሱ በፊት ቀን የሚለካው በሰው ጥላ ነበር አሉ። ሰውዬው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላ ሰው የጥላው አናት ያረፈበት ቦታ ድንጋይ ያኖርለታል፤ ከዚያ ባለጥላው ራሱ፣ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ፣ ከቆመበት እስከ ድንጋዩ በጫማው ይሰፍራል። ጥበቡ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። በሌላው አገር ሰው ሁሉ ለየራሱ ሲሰፍር የቀጨሞ ሰዎች ግን፣ ነገር ማክበድ ይወዱ የለ፣ ሹመት አደረጉት። በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በተቀመጠው የአምባው ሕግ፣ በብራናው ላይ፣ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦ «የጌታው ሁዳድ ሥራ የሚፈታ፣ የአገሩም ሸንጎ የሚበተን፣ ጥላ ሰፋሪው ቆሞ በገዛ እግሩ ሲሰፍር አሥራ ሁለት ጫማ በሞላ ጊዜ ነው። ጥላ ሰፋሪውንም አገር ይምረጥ።»

ይህ ነገር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ገበሬው በሳምንት ሁለት ቀን የጌታውን ሁዳድ ያርሳል። ከአሥራ ሁለት ጫማ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያለችው ብርሃን ግን የገዛ ራሱ ናት። በዚያች ብርሃን ሮጦ የራሱን ማሳ ይጎለጉላል፣ አረሙን ይነቅላል፣ የፈረሰ አጥሩን ይጠግናል። ያቺ ብርሃን የተወሰደች ቀን የልጆቹ ጎተራ ባዶ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ የቀጨሞ ሰው ሞኝ አይደለምና፣ ሹመቱ በሞት ባዶ በሆነ ጊዜ አያ አንለይን መረጠ። አያ አንለይ ቁመቱ ሸምበቆ ሲሆን እግሩ ግን የሙሽራ እግር ነበር። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፤ ትንሽ እግር ደግሞ ቶሎ አሥራ ሁለት ይሞላል። ከዚህ የበለጠ ሊቅ ከየት ይመጣል?

የአምባው ጌታ ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ ምርጫውን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። አስጠርተው አቆሙትና በሰው ፊት፣ «ስንት የተማረ፣ ስንት የጨዋ ልጅ እያለ አንተን በምንህ ነው የመረጡህ?» አሉት።

አያ አንለይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣

«ሌላው በአባቱ ይሾማል ጌታዬ፤ እኔ በእግሬ መጣሁ!»

*

አንድ የሐምሌ ቀን ደመናው ከንጋት ጀምሮ ምድር ላይ ተኝቶ ዋለ። ገበሬው በሁዳዱ ላይ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው አረም ሲያርም ቆይቶ ወገቡ ተቆረጠ። ሁሉም አያ አንለይን ያያል፤ አያ አንለይ ሰማዩን ያያል፤ ሰማዩ ማንንም አያይም።

ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው፣ በቅሏቸው ላይ ሆነው መጡ። ደስ ብሏቸዋል። «ሕጉ ጥላ ሲሰፈር ሥራ ይፈታል ይላል አይደል? ፀሐይ የለችም፤ ፀሐይ ከሌለች ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ሥራ አይፈታም። በሉ ቀጥሉ!» አሉ።

ገበሬው ተስፋ ቆርጦ እንደገና ጎነበሰ። አያ አንለይ ግን ቀና እንዳለ ቆመና፣

«ፀሐይ ካልወጣችማ አልነጋም ጌታዬ! ሳይነጋ የሠራነውን ለነገ ይቁጠሩልን!»

ይህን ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ፤ አራሚው ሁሉ ተከተለው። ፊታውራሪ በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ ባዶው ሁዳድ ላይ ቀሩ።

*

ጥቅምት ላይ ደግሞ የባሰ ደረሰባቸው።

ሰማዩ እንደ መስተዋት የጠራ ጠዋት ነው። ገበሬው በሬውን ጠምዶ ገና አንድ ትልም እንኳ ሳያወጣ አያ አንለይ ሜዳው መሀል ቆሞ ድንጋይ አስቀመጠ። ጠዋት ጥላ ከረጅም ወደ አጭር እንደሚመጣ ማንም እረኛ ያውቀዋል። ሰፈረ፤ አሥራ አምስት። ትንሽ ቆየ፤ ሰፈረ፤ አሥራ ሦስት። እንደገና ቆየና ሰፈረ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «አሥራ ሁለት ሞልቷል! ፍቱ!» ብሎ ጮኸ።

ፊታውራሪ ቁርሳቸውን ጥለው ሮጡ። «አንተ ከይሲ! ጠዋት እኮ ነው! ፀሐይ ገና አሁን መውጣቷ ነው!»

«ሕጉ ጥላህን ቁጠር አለኝ እንጂ ፀሐይቱን ከየት መጣሽ ብለህ መርምር አላለኝም!»

የዚያን ቀን ሥራ ቀረ። በማግስቱ ሽማግሎች ተሰብስበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው እየሳቁ፣ ከእንግዲህ የጠዋት ጥላ እንዳይቆጠር ወሰኑ።

*

ፊታውራሪ በዚህ አልረኩም። «እሱ የሚሰፍርበት እግር የሕፃን እግር ነው፤ ቀኑን እየሰረቀኝ ነው!» ብለው ሽማግሎቹን አስጨነቁ፤ ደግሞም የራሳቸውን ሰው አቀረቡ። ሰውዬው በረኛቸው ጓንጉል ነው። ጓንጉል ቁመቱ ከበሩ መቀርቀሪያ ብዙም አያልፍም፤ እግሩ ግን ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ልቡ የዋህ ነው። አዎ ካለ አዎ ነው፤ አይደለም ካለም አይደለም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢገርፉት አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ሁለቱን አንድ ሜዳ ላይ አቁመው ጥላቸውን አሰፈሯቸው። አያ አንለይ አሥራ ሁለት ሲሞላ ጓንጉል ዘጠኝ እንኳ አልደረሰ። ፊታውራሪ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አያችሁ? ይህ ነው የታመነ እግር! በዚህ ነው ቀን መሰፈር ያለበት!»

አያ አንለይ የጓንጉልን እግር ዞሮ ዞሮ ተመለከተውና፣

«ምነው ጌታዬ፣ በዚህ እግር ቀን ይሰፈራል? ዓመት ነው እንጂ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጓንጉል ራሱ ሳቀ። ሽማግሎቹ ግን ጌታን በአደባባይ ማሳፈር ደግ አይደለም ብለው ሹመቱን ለሁለት ከፈሉት። ለሁዳዱ አንለይ ይስፈር፤ ለሸንጎው ጓንጉል ይስፈር አሉ። ሸንጎ ቢረዝም ምን ቸገረ፣ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። አገርም እሺ ብሎ መረጠ። ፊታውራሪም ለጊዜው እሺ አሉና ነገሩን ረሱት።

*

ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቱ የመጣው። ከወደብ በበቅሎ ተጭኖ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ወር መንገድ ሄዶ ገባ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ መስተዋት ያለው፣ ሆዱ ውስጥ ደወል የሚደውል ነው። ነጋዴው ለፊታውራሪ ያስተማራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለቱ ዘንጎች ሽቅብ ተገጣጥመው ሲቆሙ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።» በቀጨሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲባል ደግሞ ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ማን አያውቀውም?

ፊታውራሪ መኳንንቱን ጠሩ፣ ገበሬውንም በራፉ ላይ አቆሙ። «ከዛሬ ወዲያ የሰው ጥላ መሬት ለመሬት ሲጎተት አናይም! ይህ ሰዓት አሥራ ሁለት ሲደውል መሽቷል፤ ሥራም ይፈታል። ከዚያ በፊት ግን ንቅንቅ የለም!» ብለው አወጁ።

ነጋዴው ሰዓቱን የሞላው ግን በወደብ በተማረው በፈረንጅ ልማድ ነው። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምር ለቀጨሞ ሰው ማን ነገረው! ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ዶሮ እንኳ ከሙቀቱ ሸሽታ ጎተራ ሥር በተጠጋችበት ሰዓት፣ ሁለቱ ዘንጎች ሽቅብ ገጠሙ። ደወሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ደጃፉን አየ፤ ሌላው ሰዓቱን አየ።

አያ አንለይ ቀስ ብሎ ወደ ምድጃው ሄደና ችቦ ለኮሰ። ችቦውን ከፍ አድርጎ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ፊታውራሪ ፊት ቀርቦ እጅ ነሳ።

«እንደምን አመሹ ጌታዬ? ምሽቱ ከብዷል፤ ጅብ እንዳይበላኝ የሚሸኝ ሰው ይስጡኝ!»

ገበሬውም ሁዳድ ላይ ጠምዶ ያቆመውን በሬውን ፈትቶ፣ «ደህና እደሩ! ደህና እደሩ!» እየተባባለ ወደየማሳው ሄደ።

*

ፊታውራሪ ከከተማ ሰው አስመጥተው ሰዓቱን አስተካከሉት። ተስተካከለ። ግን ከዚያ ወዲያ አንድ የማይታመን ነገር መጣ፤ ዘጠኝ ሰዓት አላልፍ አለ። ገበሬው ያርሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያርሳል፤ አሁንም ዘጠኝ ነው። የሌሊት ወፍ መውጣት ጀምራ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው። ደረበ የሚባለው ገበሬ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ የራሱ ጤፍ በአረም ተውጦ ሳያየው አንድ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሞፈሩን ተደግፎ አለቀሰ። ወንድ ልጅ በአደባባይ ሲያለቅስ ማየት የሚችል ሆድ የለም፤ አያ አንለይም አልቻለም።

ወደ አዳራሹ ገባ። «ጌታዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ቅድምም ዘጠኝ ነበር።»

«አንተ ልትዋሽ ትችላለህ፤ ሰዓት ግን አይዋሽም!» አሉ ፊታውራሪ፤ ምሳቸውን ገና መጨረሳቸው ነበር።

አያ አንለይ ወደ ሰዓቱ ጠጋ አለ። መስተዋቱ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። በትልቁ ዘንግ ላይ የምሳው ቅቤ በጣት ቅርጽ ተለጥፎ ያብለጨልጫል።

«ሰዓትስ አይዋሽም ጌታዬ፤ ግን ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ፊቱ ላይ ይታያል!»

ሽማግሎቹም ይህን ሲሰሙ ቁርጡን ተናገሩ፤ ሰዓት በብራናው ላይ አልተጻፈም፤ ሥራ የሚፈታው በጥላ ነው አሉ። ያን ጊዜ ፊታውራሪ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱና፣ «እንግዲያው ብራናው ይፋቅ!» አሉ።

*

ብራናው እንዲሁ አይፋቅም። ከሕጉ አንዲት ቃል ለመፋቅ ባለርስቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል። ይፋቅ የሚል ሽምብራ፣ ይኑር የሚል ባቄላ ቅል ውስጥ ይጥላል። የበዛው ይረታል። ይፋቅ የሚለው ከረታ ቄሰ ገበዝ ተክሌ ምላጩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁ፣ ሕጉንም የሚያነቡ ካህን ናቸው።

ፊታውራሪ በገበያ መሀል ቆመው ሰበኩ። «ወገኖቼ! ጥላ ሰፋሪ የሚባል ሹመት በዚህ ዘመን ያሳፍራል። ሌላው አገር ሰምቶ ይስቅብናል። ጊዜው ያለፈበት ሹመት ነው!»

አያ አንለይ ከበርበሬ ሻጮቹ መሀል ብቅ አለና፣

«ጊዜው ማለፉን ማን ሰፍሮ ነገረዎት ጌታዬ?»

*

ስብከቱ አልያዝ ሲላቸው ሁለት ሰንጋ ጣሉ። አገሩ ሁሉ ተጠራ፣ አያ አንለይም ተጠራ። ደግሞ ሲበላ አያድርስ ነው፤ ያ ቁመት ሁሉ ባዶ ነበር እንዴ ያሰኛል። ፊታውራሪ ከላይ ሆነው ሲያዩት ቆዩና አላስችል አላቸው። «አንለይ! ሥጋዬን እንዲህ ስትሰለቅጥ ውለህ ነገ ባቄላ ልትጥልብኝ ነው? እጅህ አያፍርም?»

«የበላሁት በቀኜ ነው ጌታዬ፤ ባቄላውን በግራዬ እጥላለሁ!»

*

የድምፁ ቀን ሲነገር ግን አያ አንለይ መሳቅ ተወ። ፊታውራሪ ማክሰኞን ቆርጠዋል። ማክሰኞ የሁዳድ ቀን ነው። ባቄላ የሚጥለው ሰው ሁሉ በሬ ጠምዶ ሁዳድ ላይ ይውላል፤ ሥራ ሳይፈታ ከሁዳድ የወጣ ደግሞ በሬው ይወረሳል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚቀመጡት የፊታውራሪ አሽከርና ዘመድ አዝማድ ናቸው። ሥራውም የሚፈታ፣ ሸንጎውም የሚበተን፣ ሁለቱም በአሥራ ሁለት ጫማ ነው። ገበሬው ሲፈታ ቅሉም ይከደናል። ቄሰ ገበዝ እንኳ፣ «እስኪፋቅ ድረስ የሚሠራው በጥላ ነው፤ በሰዓት አይሆንም» ብለው ቢከራከሩ ፊታውራሪ እየሳቁ፣ «ይሁን! ጥላው የራሱን ቀብር ይስፈር!» አሉ።

ሰኞ ማታ አያ አንለይ ከሥራ ገብቶ ቁጭ አለ። ሚስቱ አጣለች ገበቴ አቅርባ እግሩን እያጠበችው፣ «ምነው ዝም አልክ? ጨዋታህን አይጥ በላው?» አለችው።

«ፈራሁ አጣለች» አለ። «ሃያ ዓመት አገር በኔ እግር ሲያመሽ ኖሯል። ያቺን ብርሃን በኔ ዘመን ከተቀሙ የነደረበን ልጆች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዛሬ ለዚህ ቀልድ የለኝም።»

አጣለች እንባዋ መጣ፤ ግን ባሏ ሲያዝን አይታ የማታውቅ ሴት ናትና ልታስቀው ፈለገች። እግሩን ከውሃው አውጥታ እያየች፣ «እኔስ ዕድለኛ ነኝ። ለዚህች እግር አንድ ጭልፋ ውሃ ይበቃኛል። ያንን ጓንጉልን አግብቼ ቢሆን ወንዙንም ጨርሼው ነበር» አለች።

አያ አንለይ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ሲስቅ ድንገት የገዛ እግሩን አፍጥጦ አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ ሳቀና ገበቴውን ገለበጠው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሁዳዱ ላይ አያ አንለይ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ቆመ። ድንጋዩ ተቀመጠ። ተረከዝ ከአውራ ጣት፣ ተረከዝ ከአውራ ጣት። «አሥራ ሁለት! ፍቱ! ከፈታችሁም በኋላ እንዳትራመዱ፤ ሩጡ!» ብሎ መለከት አስነፋ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊታውራሪ መለከቱን ሰሙና ብድግ አሉ። «ሥራ ተፈታ! አሥራ ሁለት ሞላ! ሸንጎውም ተበተነ፤ ቅሉን ክደኑልኝ!»

ቄሰ ገበዝ ተክሌ ቅሉን በሁለት እጃቸው አቀፉ። «ቆይ ጌታዬ፤ ያ የሁዳዱ ሰፋሪ ነው። የሸንጎው ሰፋሪ ጓንጉል ነው፤ ጠይቀው ያሾሙት እርስዎ ነዎት» አሉ።

ፊታውራሪ ለአፍታ ምንም አልገባቸውም። ቆየና ገባቸው። ወደ በረኛቸው ዞሩ። «ጓንጉል! ቶሎ ስፈር!»

ጓንጉል ቆመ። ድንጋይ ተቀመጠለት። በእርጋታ፣ ያንን የሚያህል እግሩን እያነሳ እየጣለ ሰፈረ። «ስምንት ጌታዬ። ዘጠኝ አልሞላም።»

«ድገመው!»

«ስምንት ከግማሽ ጌታዬ።»

ከታች በኩል አቧራ ይነሳል። ገበሬው ጅራፉን እንደያዘ ዳገቱን እየወጣ ነው፤ ደረበ ከፊት ነው። «ጓንጉል፣ እባክህ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርገህ ስፈር!» አሉ ፊታውራሪ።

ጓንጉል እግሩን አየ፤ ጌታውን አየ። «ልቁረጠው እንዴ ጌታዬ?» አለ ከልቡ አዝኖ።

ገበሬዎቹ ደረሱ። ከስንቃቸው ቆሎ ውስጥ ባቄላ ባቄላውን እየለቀሙ ቅሉ ውስጥ ያንጠባጥቡ ጀመር። አንዱ የፊታውራሪ ዘመድ፣ «ይህ እኮ የተቆላ ነው! የተቆላ ባቄላ ድምፅ ይሆናል?» ብሎ ጮኸ። ቄሰ ገበዝ ብራናውን ገልጠው አዩና፣ «ባቄላ ይላል እንጂ ጥሬ አይልም» አሉ። የመጨረሻው ሽማግሌ እያነከሰ ደርሶ ባቄላውን ሲጥል ጓንጉል ገና አሥር ከግማሽ ላይ ነበር። ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠበቀው። በመጨረሻ፣ «አሥራ ሁለት!» አለ ጓንጉል ላቡን እየጠረገ፤ ቅሉም ተከደነ።

ሲቆጠር ሽምብራው አርባ ሦስት ሆነ። ባቄላው መቶ አሥራ ሰባት። ቄሰ ገበዝ ምላጩን ወደ ሰገባው መለሱ።

ደረበ አላጨበጨበም፣ አላቀፈም፤ ጀምበሯን አንዴ ቀና ብሎ አየና ወደ ጤፉ ሮጠ። ፊታውራሪ ግን ከተቀመጡበት ሆነው አያ አንለይን በጣታቸው ጠሩት። «አንለይ፣ እኔ አልገባኝም። አንዴ በሁዳዱ መሸ አልክ፤ አንዴ ደግሞ እዚህ መሸ ተባለ። እስቲ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ፤ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የመሸው?»

አያ አንለይ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«ለኛ ሁለቴ መሸልን ጌታዬ፤ በእርስዎ ላይ ግን አንዴ መሸብዎ!»